የወፍጮ ቤቱ ፌስታል

ክረምት ሲገባ ወርቄ ፌስታል የማታለብሰው ነገር የለም። የውጪውን አምፖል፣ የቆጣሪውን ሳጥን፣ የበሩን ጓጉንቸር ቁልፍ፣ ሁሉንም ትጠቀልላለች። ስለዚህ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ግቢዋ ውስጥ የቆመችው የጎረቤቷ የኢብራር የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሯን እንደጎረሰች ስትረጥብ ብታይ አንጀቷ አልቻለም። ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። የቻርጀሩን ራስ በጥቁር ፌስታል አለበሰችውና ንፋስ እንዳይወስደው ጠርዙን በጣቷ እየገፋች፣ በቻርጀሩና በመኪናዋ መሃል ባለችው ቀጭን ክፍተት ወሸቀችው። ቻርጀር ዝናብ እንደማይፈራ ማንም አልነገራትም። ሥራዋን ጨርሳ ደስ ብሏት ተኛች።

ግቢው ባለቤቷ አቶ ብርሃኔ በሕይወት ሳሉ ወፍጮ ቤት ነበር። ሰውየውም ወፍጮውም ዝም ካሉ ወዲህ የቀረላት የወፍጮው የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ሦስት ፌዝ፣ ሥራ የፈታ ጉልበት። ኢብራር መኪናዋን ገዝቶ ቤቱ ሲሰካት የዓለም ባንክ ሰፈር ጓሮ አምፖል ሁሉ ይጠወልግ ጀመር። ሰፈሩ ሲነጫነጭ ወርቄ ጠራችውና "ና ከኔ ሰካ፤ ይሄ ወፍጮ የቻለ መስመር ነው" አለችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሯ ይንኳኳል፤ "እማማ ወርቄ፣ እንዴት አደሩ?" የሚላት ሰው አገኘች። ለዚህች ጥያቄ ጌታን ታመሰግናለች። እንዲያውም አንድ እሁድ ምስክርነት ላይ ቆማ "መኪና ስለሰጠኸኝ ተመስገን" ብላ ጉባኤውን በሙሉ ግራ አጋብታዋለች።

ዝናቡ በጣለ ማግስት ጠዋት ኢብራር የመጣው እናቱን ደግፎ ነበር። ሃፊዛ ዕድሜዋን በሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ከመርፌዋ ለያያት። ወደዚህ ሰፈር ሲመጡም ጋርዷት ስለነበር፣ ለእሷ ወርቄ ድምፅ ብቻ ናት። ከውጭ የመጡት የዓይን ሐኪሞች የሚያክሙት ከተማው ማዶ ሲሆን ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ያልደረሰ ለከርሞ።

ኢብራር እናቱን ከኋላ ወንበር አስቀመጠና መኪናዋ ቻርጀሩን እንድትለቅ ቁልፉን ተጫነ። ቻርጀሩን ሳብ አደረገው፤ ወይ ፍንክች። እንደገና ተጫነ፣ እንደገና ሳበ። እግሩን ፓራፋንጎው ላይ አስደግፎ ጎተተ። መኪናዋ ገመዱ እንደተሰካ አትሄድም፤ ቻርጀሩም አይወጣም።

ታክሲ ለመጥራት ስልኩን አወጣ። አንዱ ሹፌር "የት ነህ?" ይለዋል፣ "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ሲለው "ይቅርታ ወንድሜ፣ እዛ ጭቃ ውስጥ አልገባም" ብሎ ይዘጋበታል። ሌላውም እንደዚያው። አስፋልቱ ድረስ እንዳይወስዳት የሃፊዛ ጉልበት ያን ጭቃ አይችልም። በመጨረሻ ቤቴል ላለው መካኒክ ለዘርዓብሩክ ደወለለትና ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መኪናዋ ጣሪያ ላይ አስቀመጠው።

"አትጎትተው!" አለ ዘርዓብሩክ ገና ሳይጨርስለት። "ቻርጀሩን ቆልፋ የምትይዘው ትንሽ የብረት ዘንግ ናት። የሆነ ነገር ሳይገባባት አይቀርም። እስቲ አጠገቡ እይ።"

ኢብራር ጎንበስ ብሎ በችኮላው ልብ ያላለውን ፌስታል ገለጠ። ጠርዙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ተቀርቅሯል። ደሙ ፈላ።

"ማነው ይሄን የነካው? ማነው እዚህ ውስጥ ፌስታል የወሸቀው?"

ወርቄ ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማችው። ያያት የለም፤ ንፋስ ያመጣው ነው ብትል ማን ይከራከራታል? ፌስታል እንደሆነ በዚህ ሰፈር ከወፍ ይበልጣል። ነገር ግን ከኋላ ወንበር ላይ እጇን አጣምራ የተቀመጠችውን ሴት አየችና ውሸቱን ተወችው።

"እኔ ነኝ ልጄ። እንዳትረጥብ ብዬ ነው።"

ኢብራር አፉን ከፈተ፤ ምን እንደሚወጣው እግዜር ይወቅ። ቀድማው ከመኪናው ውስጥ ሃፊዛ ተናገረች።

"ኢብራር! ማን ላይ ነው የምትጮኸው?"

"እማ፣ ሐኪሞቹ ሊሄዱብን እኮ ነው።"

"ይሂዱ። ዓይኔ ቢቀር ይቀራል። ጎረቤቴን እንዳታስቀይምብኝ።"

ወርቄ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ይህን ያህል የሚሳሳላት ሰው ከሞተባት ቆይቷል።

"ሰላም ካወረዳችሁ ልቀጥል?" አለ ስልኩ። "መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን ብሬከር አጥፉ። ከዚያ ከኋላ የዕቃ መጫኛውን ክፈትና በቀኝ በኩል ጨርቁን ግለጠው። ቀጭን ገመድ አለች፤ ለእንዲህ ያለ ቀን የተቀመጠች የእጅ መክፈቻ ናት። አንተ እሷን ስትስብ፣ ሌላ ሰው ቻርጀሩን ወደ ውስጥ ይግፋ።"

"ወደ ውስጥ? ማውጣት ነው እኮ የፈለግነው!"

"ስትጎትተው ዘንጓን ታስጨንቃታለህ። ሲገፋ ነው የምትላላው። ስማኝ ዝም ብለህ።"

ወርቄ ብሬከሩን አጠፋች፤ የወፍጮውን ማጥፊያ እንኳ በጨለማም አትስተውም። ተመልሳ ቻርጀሩን በሁለት እጇ ያዘችና ትከሻዋን አስደገፈችበት። "በኢየሱስ ስም!" ብላ ገፋች። ኢብራር ከኋላ "ቢስሚላህ!" ብሎ ገመዷን ሳበ።

ቀጭ አለ።

ቻርጀሩ የተቀደደ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ እጇ ላይ ቀረ። ኢብራር ዘሎ ገባ፤ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ በሩን ወጣች፤ ጭቃውን ግን ወርቄ ቀሚስ ላይ ደህና አድርጋ ረጨችው። ወርቄ አላራገፈችውም። እንደቆመች "አድርሳቸው፣ አድርሳቸው" ስትል ቆየች። ቀኑን ሙሉ ምግብ አልወረደላትም።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። ኢብራር ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል።

"ደረስን እማማ። የመጨረሻዋ ታካሚ እሷ ነበረች። አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ ዓይኗ ተሠራላት።" ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ። "ጠዋት ስለጮህኩብዎት ይቅር ይበሉኝ።"

"አንተ ፌስታሉን ይቅር በለኝ" አለችው፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ወርቄ ስትስቅ ደግሞ አለቀሰች።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ በወጣበት አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ወርቄ ኢብራር ነው ብላ ከፈተች። ሃፊዛ ነበረች፤ ደጋፊ የላት፣ መሪ የላት፣ ብቻዋን። ጥቁር መነጽሯን አወለቀችና የወርቄን ፊት ረጋ ብላ አየችው። ወርቄ እንዲህ ታይታ ስለማታውቅ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ወርቄ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"በድምፅሽ ወፍራም ሴት መስለሽኝ ነበር እኮ!"

ሳቃቸው ሲበርድ ሃፊዛ ከጉያዋ አንድ ነገር አውጥታ ሰጠቻት። ከአረንጓዴ ሸራ የተሰፋ ቆብ ነው። ቻርጀሩን ከላይ ይከልለዋል፣ ከሥር ክፍት ነው፤ መኪናዋ ጋ የሚደርስ ጠርዝ የለውም።

ወርቄ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ጥቃቅን ነው፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ የሳተ የለም።

"መርፌው ላይ ክሩን ማን አስገባልሽ?"

"ማን ያስገባልኛል? ራሴ ነኛ።"

ወርቄ ቆቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። "ዝናቡ እኮ አለቀ፣ እህቴ" አለቻት።

"ለከርሞ ይመጣል፤ ያኔ አየዋለሁ" አለች ሃፊዛ።