የሚድንበትን ምረጪልኝ

«ዘንድሮ አልወስድም» አልኳት ገና በሩን እንደከፈትኩ። «ያምናውንም አልጨረስኩት። በእግዜር ተይኝ እትዬ።»

ጎረቤቴ መጻሕፍቱን እስከ አገጯ ድረስ ታቅፋ ደፉ ላይ ቆማለች። ክረምት በገባ ቁጥር የእኛ ነገር ይኸው ነው፤ እሷ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፣ እኔ ሰበብ እደረድራለሁ። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች የንባብ ቡድን አለ። ለክረምት የሚነበበውን የምትመርጠው እሷ ናት። «ይኼ ጸሐፊ ከጌታ ይልቅ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው» ካለች የዚያ ሰው መጽሐፍ አለቀለት፤ የሚነካው አይገኝም። እኔን ደግሞ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ዘግቼ መርፌ የያዝኩትን ልብስ ሰፊ፣ በንባብ ካላዳንኩሽ ብላ ስትታገለኝ ዓመታት አልፈዋል።

«እንድትወስጂ አይደለም» አለች። ድምጿ የወትሮው አልነበረም። «መጨረሻቸውን እንድታይልኝ ነው።»

«የምን መጨረሻ?»

«ሁሉም የታመመ ሰው ያለባቸው ናቸው። መጨረሻቸውን እይና ሰውየው የሚድንበትን ምረጪልኝ። የሚሞትበትን ግን እቤቴ እንዳታስገቢው።»

መጻሕፍቱን ተቀብዬ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍኳቸው።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሳንባው አልታዘዝ ካለው ቆይቷል። በቅርቡ ሐኪሙ «ከእንግዲህ እዚህ የምናደርግለት የለም፤ ቤቱ ቢሆን ይሻላል» ብሎ ሸኛቸው። ይኼን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። እሷ ለጠያቂው ሁሉ «ቤቱ ገብቷል፣ ጌታ ይመስገን» ነው የምትለው። ፒጃማው ሰፍቶት እየወረደ ሲያስቸግረው እንዳጠብብለት አመጣችልኝና «ብዙ አትቁረጪው፤ ሲወፍር ይጠበዋል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ጨርቁን ሳልቆርጥ ወደ ውስጥ አጥፌ ሰፋሁላት።

አንድ ጠባይ አላት፤ እሱን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። መጽሐፍ ስትጨርስ ትዘጋውና መዳፏን ሽፋኑ ላይ አሳርፋ «አሜን» ትላለች። የጸሎት ይሁን ልብ ወለድ ግድ የላትም። አንድ ጊዜ የስፌት መኪናዬን መመሪያ አንብባልኝ ስትጨርስ «አሜን» ብላለች። እኔማ «በይ እንግዲህ፣ ክር ከመበጠስ ያድነን» ብዬ አብሬ ተሳልቄያለሁ።

«የሚሞትበትን አንብቤ አሜን ካልኩ ምን ማለቴ ነው?» አለችኝ። «ይሁን ማለቴ አይደል?»

«ንባቡ ለጥቂት ጊዜ ቢቀርስ?»

«ካላነበብኩለት ዝም እንላለን። ዝም ስንል ትንፋሹ ይሰማል። እሱን መስማት አልችልም።»

ቄስ አይደለሁ፣ ሰባኪ አይደለሁ፤ ምን እላታለሁ? የደንበኛ ቀሚስ አሳድሬ ከመጽሐፉ ቂጥ ማንበብ ጀመርኩ። በሽተኛው ድኖ የሚነሣባቸውን መስኮቱ ጋ፣ የማይነሣባቸውን ከጠረጴዛው ሥር ከመርኩ። የመስኮቱ ክምር በለጠ። በሽተኛ እንደዚያ ሲነሣ አይቼ አላውቅም። አንዱማ ጠዋት ሲያጣጥር ቆይቶ ከሰዓት በኋላ አጥር ሲያጥር ተገኘ። ጸሐፊው ጉንፋን እንኳ ይዞት የሚያውቅ አልመሰለኝም።

የሚነሣባቸውን ወሰደችና ታነብለት ጀመር። እኔም ከሰዓት ከሰዓት የእጅ ስፌቴን ይዤ እሄድና አልጋው ግርጌ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ስደርስ የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበረች። ዘጋችው፣ መዳፏን አሳረፈችበት፣ «አሜን» አለች።

«ተነሣ?» አላት እሱ።

«ተነሣ።»

«ሁሉም እየተነሣ ሄደ፤ እኔ ብቻ አልጋ ጠባቂ ሆኜ ቀረሁ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ግን ፊቷን አዙራ ውሃ ላሙቅ ብላ ወጥታ ሄደች። ማድ ቤት እቃው ሲንኳኳ ይሰማል፤ እቃ እንዲያ የሚንኳኳው ሰው ሲያለቅስ ነው።

«ነይ እስቲ ጠጋ በይ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እሷ ያላየችው ሌላ ክምር አለሽ አይደል?»

«የምን ክምር ጋሼ?»

«የሚሞትበት። እንዴት እንዳደረገው ልይ ብዬ ነው።» ትንፋሹ እስኪመለስለት ጠበቅኩ። «የግድግዳ ሰዓት እንኳ ሰው ሲፈታው ሳላይ ነክቼ አላውቅም። ይኼን በምን ድፍረት ነው ሳላይ የምጀምረው?»

ቤቴ ገብቼ ከጠረጴዛው ሥር አንዱን አወጣሁ። ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ጠባቂና ስለ ሚስቱ ነው። ከመጨረሻው ጀምሬ ሳላስቀምጠው መጀመሪያው ድረስ አንብቤዋለሁ፤ ከክምሩ ሁሉ ሰው የጻፈው የሚመስለው እሱ ብቻ ነበር። ለእሱ መስጠት እፈልጋለሁ፣ እሷን መግደል አልፈልግም። ብዙ አሰብኩና የማውቀውን ሥራ ሠራሁ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ቅጠሎች አንድ ላይ ይዤ ጠርዛቸውን በነጭ ክር ሰፋሁት፤ ልብስ ሲለካ እንደምንሰፋው፣ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ሲጎትቱት የሚወጣ።

«ይነሣል?» አለችኝ ስሰጣት።

«እስከ ክሩ ድረስ አልሞተም።»

ክሩን አየች። እኔን አየች። «ማን አባቱ ነው እንዲህ አድርጊ ያለሽ?»

«መስፋቱ የራሴ ነው። መጽሐፉን ያዘዘው ባልሽ ነው።»

መጽሐፉን በብብቷ ሸጉጣ ገባች። በሩን ግን በላዬ ላይ አልዘጋችውም።

በማግሥቱ ስሄድ እያነበበች ነው። ከዚያም በማግሥቱ። ቀስ በቀስ የድሮ ምላሷ ተመለሰ። «ይኼ ጸሐፊ ሚስት አለችው» አለች አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ። «ሌሎቹ የበሽተኛን ሚስት አንበርክከው ይተዋታል፣ እስከ መጨረሻው ጉልበቷ ላይ ናት። ይኼ አንሶላ ስትቀይር አየልኝ።» ሌላ ቀን ደግሞ የጠባቂው ሚስት ጸሎት አጭር በመሆኑ ተደነቀች። «ሦስት ቃል ነው የጸለየችው፣ እሱኑም ሳትጨርስ ውሃው ፈላባት። ለሴቶቹ ይኼንን ነው መስጠት» አለችና ያለችው ለራሷ ሲሰማት ቶሎ ገጹን ገለጠች።

እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። ቃል የሚያወጣበት ትንፋሽ በየቀኑ እያጠረ ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ አላውቅም የምትል አንዲት ሴት ናት።

ክሩ ጋ የደረሰች ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። የመጨረሻዋን ያልተሰፋች ገጽ ጨረሰችና መጽሐፉን ጭኗ ላይ ደፋችው።

«እዚህ ላይ ይበቃል» አለች።

«ክሩን ፍቺው» አለኝ እሱ።

«ከነካሽው ጉርብትናችን አበቃ» አለችኝ እሷ።

እኔ እጄን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ። ባልና ሚስት መሃል ገብቶ ያተረፈ የለም።

«አላነብም» አለች። «ምን በደልኩ? ሰው ሲተኛ አነበብኩ፣ ሰው ሲዘፍን አነበብኩ፣ ያየሁትን ሁሉ አሜን አልኩ። አሁን አንድ ነገር ለመንኩ፤ አንድ። እሱንም ሰማይ ዝም አለኝ። እና አንብቤ በዚህም ላይ አሜን ልበል? አልልም። ይኼ አፍ አይለውም።»

ከዚህ በፊት በአምላኳ ላይ ድምፅ ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም። እሷም የሰማች አልመሰለኝም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

እሱ መዳፉን አልጋው ላይ እያንፏቀቀ ጉልበቷ ላይ አደረሰው። ይህቺን ለማድረግ ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

«አንቺ አንብቢ» አለ። «አሜኑን እኔ እላለሁ።»

ጭኗ ላይ የደፋችውን መጽሐፍ መልሳ ገለበጠችው። የክሩን ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ ሳበችው፤ አንድ ጊዜ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ጣቷ ላይ ጠቅልላው ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጠባቂው ሚስቱን መስኮቱን እንድትከፍት ይጠይቃታል። ከፈተችለት። ሁለተኛው አንቀጽ መሃል ላይ ጎረቤቴ ድምጿ ከዳት፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደገና ሞከረች፣ አልሆነም።

«የቀረውን ነገ ላንብብልህ» አለችው፤ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቱ እየሳበች። «ዛሬ ደክሞሃል። ነገ።»

«ነገ?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ዕድሜዬን ሙሉ ለደንበኛ ‹ነገ ና› ስል የኖርኩ ሰው ነኝ እኮ። ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።»