ዘጠኝ ቁጥር አባካኝ ነው

እናትህ መብራት ለመቆጠብ ብላ መተንፈሻዋን ስታጠፋ አግኝተሃት ታውቃለህ? እኔ ባለፈው ሰኞ አግኝቻለሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ የኦክስጅን ማሽኗ ጸጥ ብሏል፤ እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ሶኬቱን ነቅላ ገመዱን ጭኗ ላይ ጠቅልላዋለች።

«እማዬ! ምን ነካሽ?» ብዬ መልሼ ሰካሁት።

«አትጩህ፤ ለትንሽ ጊዜ ብዬ ነው» አለች፣ በየቃሉ እያረፈች። «አባካኝ ተባልን እኮ፣ ልጄ።»

አባካኝ ያለን የሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። «ኃይል እንቆጥብ» በሚል ዘመቻ የየቤቱን ቆጣሪ እያነበበ ደረጃው ላይ ይለጥፋል። ሦስት ወር ሙሉ አንደኛ የወጣነው እኛ ነን፤ በቀይ እስክሪብቶ፣ «ዘጠኝ ቁጥር፦ አባካኝ»። እናቴ ሐኪም ቤት ስትሄድ በየደረጃው እያረፈች ስለምትወርድ ወረቀቱን በደንብ አንብባዋለች።

ያልሞከርነው ነገር የለም። አምፖሎቹን በሙሉ በቆጣቢ ቀየርን። ፍሪጁን ከምድጃው አራቅነው። ባለቤቴ የሳምንቱን ልብስ በአንድ ቀን ትተኩሳለች። በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ ከጀመርንም ሁለት ወራችን ነው። ፍጆታው ግን ወደ ላይ! ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብለን፣ አፍ አውጥተን ሳንናገር፣ ተስማማን። እናቴም ዝምታችንን ሰማችው። ይህ የማያሳፍረኝ ይመስልሃል?

ቅዳሜ ጠዋት አንደኛ ፎቅ የሚኖረውን ኤሌክትሪሻን ጠራሁት። ቶሎ ስለሚቃጠል ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለዋል።

«መምህር፣ ዋናውን ማጥፊያ አጥፋና ቆጣሪውን እንየው» አለኝ።

«የእማዬ ማሽንስ?»

«መጠባበቂያ ሲሊንደር የላችሁም?»

አለን፤ የቀረው ግን ለሃያ ደቂቃ ብቻ የሚበቃ ነው። እናቴን ወደ ሲሊንደሩ አዞርናት። ባለቤቴ ሰዓት ይዛ አጠገቧ ቆመች። ዋናውን ማጥፊያ አጠፋሁት። እየሮጥን ምድር ቤት ወርደን ከቆጣሪዎቹ ፊት ተገተርን።

የዘጠኝ ቁጥር ቀይ መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች።

«ማጥፋትህን እርግጠኛ ነህ?»

«በገዛ እጄ!»

«እንግዲያው በአንተ ቆጣሪ ሌላ ሰው እየበላ ነው።»

«አስር ደቂቃ ቀረ!» አለች ባለቤቴ ከላይ።

ፊውዝ ጓንቱን አጥልቆ ክዳኑን ከፈተ። ከቆጣሪያችን የሚወጣው መስመር አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ነው፤ አንዱ ወደ እኛ ቤት፣ ሌላው ከቧንቧው ጀርባ ተሸሽጎ ወደ ላይ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ግድግዳ ሳፈርስ ከምውል ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» አለና ነቀለው።

ቀይዋ መብራት ቆመች። ደቂቃ ሳይሞላ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ በር ተበረገደ።

«ማነው መብራቱን ያጠፋው? ውሃው በረዶ ሆነብኝ እኮ!»

ሰብሳቢው ነው። ፎጣ አገልድሞ፣ ራሱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ፣ ደረጃውን እየወረደ።

«የሕንፃው መብራት አለ፣ ጋሼ» አለው ፊውዝ። «የጠፋው የአባካኙ ብቻ ነው።»

ሰብሳቢው ገመዱን አየ፤ እኔን አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ይሄ እንኳ የድሮ ስህተት ይሆናል። ቤት እንግባና በሻይ እንነጋገር። ልዩነቱን እከፍላለሁ፤ ሰው አይስማ።» ዓይኑን በጨው አጥቦ!

«አምስት ደቂቃ!»

እሱን እዚያው ትቼ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወጥቼ ዋናውን አበራሁት። ማሽኑ ማጉረምረም ሲጀምር እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ማን ሆኖ ተገኘ?»

ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ድንገት ተቋረጠ። «ታዲያ እኔ ትንፋሼን የቆጠብኩት ለእሱ ውሃ እንዲሞቅለት ነው?»

አሁን የምናገረው ለእርስዎ ነው፣ ሰብሳቢ፦ ጥያቄዋን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከእርስዎ ወረቀት አጠገብ ለጥፌዋለሁ። ሻይዎን አልጠጣም፤ በጓዳ የሚሰጥ ገንዘብም አልቀበልም። አባካኝ ያሉን ደረጃው ላይ ነው። እሑድ አራት ሰዓት እናቴ ወንበሯን እዚያ አውጥታ፣ ማሽኗን አብርታ ትጠብቅዎታለች። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ይመልሱላት!