መጥረጊያው ቆመ

አባቴ «መጥረጊያው ቆመ» ይላል። ዝናቡ እየወረደ፣ የመኪናዋ የፊት መስታወት በውሃ ተሸፍኖ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ምሰሶ ጋር የተላተመው ምንም ስላልታየው ነው። እናቴ ደግሞ «መጥረጊያው ሲሠራ ነበር» ትላለች። አጠገቡ ተቀምጣ ነበር፤ ምሰሶውን ከሩቅ አይታ «ኧረ ምሰሶ!» ብላ ጮኻለች። ከኋላ አምስት ተማሪዎች ነበሩ። ማንም አልተጎዳም። አባቴ ግን የሰዎችን ልጆች ትምህርት ቤት በማመላለስ የሚኖር ሰው ነው። ሰኞ ልጆቻቸውን ይጭን እንደሆነ ወላጆቹ መልስ እየጠበቁ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። መኪናዋ በዕድሜ ትበልጠኛለች።

«ኢንጂነሩ፣ ሳትፈታ አስብ» አለ አባቴ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ። «ባለፈው ሬዲዮኑን ስትጠግን ክላክሱን ነው ያጠፋኸው።»

ፊውዙን ነቅዬ አየሁት፤ ደህና ነው። ደረቁ መስታወት እንዳይጫር ሁለቱንም መጥረጊያ ከመስታወቱ አንስቼ አቆምኩና ማብሪያውን ነካሁ። ሞተሩ አጉረመረመ፤ ሁለቱም እኩል ተወዛወዙ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው።

እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ታይ ነበር። «ይኸው! ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ውሸታም ሆኜ ከረምኩ።»

«አባዬ፣ ቆመ ስትል ሞተሩ ነው የቆመው?»

«ቆመ ማለት ቆመ ነዋ! ኮሌጅ የላኩህ አማርኛ ልታስተምረኝ ነው?»

«እኮ፣ እንዴት ሆኖ ቆመ?»

ተናዶ ክንዱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ዘረጋ። «እንዲህ! ፊቴ ላይ ተገትሮ!»

ያኔ ገባኝ። «ቆመ» ሲል እኔ የሰማሁት ሥራ አቆመ ብዬ ነው፤ እሱ ግን ተገተረ ማለቱ ነበር። መጥረጊያዎቹን መልሼ አስተኛሁ፣ መስታወቱ ላይ ውሃ ለቀቅኩና አስነሳሁት። በእናቴ በኩል ያለው ተመላለሰ። በአባቴ በኩል ያለው መስታወቱ መሃል ሲደርስ ተገተረ። ክንዱን የሚይዘው ዳዶ ላልቷል፣ የሚቀመጥበት ጥርስም ዝጓል። አየር ላይ ሳነሳው የሠራው የሚገፋው ነገር ስላልነበረ ነው። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ክንዱን ወደ ቦታው መለስኩ፤ ዳዶውንም አጠበቅኩ።

«ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው» አልኩ።

እናቴ ከበረንዳው ወረደች። ወደ ውጪው በር ሄደች።

አባቴ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ መሪው ጋ ተቀመጠና መጥረጊያዎቹን አስነሳ። በውሃ ማጠጫው ጎማ መስታወቱ ላይ ረጨሁለት። መስታወቱ ጥርት አለ። ከሦስት ቀን ወዲህ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ገና አሁን ነው።

«ጥራት እንጂ! ትምጣና ትይ!»

«ማንን?»

«እናትህን ነዋ! የት ገባች?»

እናቴ ከመኪናዋ ፊት ለፊት፣ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ፣ በግራጫ ሹራቧ ከግራጫው የብረት በር ፊት ቆማ በቀጥታ ትመለከተው ነበር።

«እዚሁ ነኝ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አባቴ ድምጿ ወደመጣበት ዞረ። ዓይኑን አጥብቦ ፈለጋት። መጥረጊያዎቹ ደረቅ መስታወት እየጫሩ ይመላለሳሉ፤ ውሃውን መርጨት ረስቼ ነበር። በመጨረሻ አጠፋቸው።

«ለወላጆቹ ልደውል?» አልኩት። «መጥረጊያው ተሠርቷል ልበላቸው?»

ቁልፉን ነቅሎ ወረደና እጁን ዘረጋልኝ።

«ስልኩን አምጣው፣ እኔው እነግራቸዋለሁ» አለ። «ዓይኔ ነው፤ ሰኞ አልመጣም እላቸዋለሁ።»