«ማነው?» የሚለው በር

...ቢሆንም መንካት የለባትም፣ የሙት ሥራ ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ ኮድ የሙት ሥራ የሆነው፣ ትናንት እዚሁ ቆማ ኮድ ማለት ሊስተካከል የተጻፈ ነገር ነው ብላ አስተምራለች፣ አሁን እጇ ማውሱ ላይ ደርቋል፣ ስክሪኑ ላይ የሟች ተማሪዋ በር፣ አረንጓዴ፣ እጀታው ተንጋዶ የተሳለ።

ሲያንኳኩት ማነው? ይላል፣ በራሷ በልጅቷ ድምፅ። የፈለጉትን ይጽፋሉ። አላውቃችሁም፣ ሂዱ። ይኸው ነው ፕሮግራሙ፣ አንዷን ቃል ያገኘ ብቻ ይገባል ብላ ነበር ስትቀዳው፣ ጉንፋን በያዘው ድምፅ፣ ጉንፋን ነው አልን፣ ሁላችንም ጉንፋን ነው አልን። ኮሪደር ላይ ስታልፍ ማነው? ሲል ሰምታ እኔ ነኝ ብላ መልሳ ታውቃለች አስተማሪዋ፣ የተማረች ሴት።

ዛሬ ልጆቹ ሥራቸውን ለወላጅ ያሳያሉ። እናቷም ይመጣሉ። ድምጿ አለ አሉኝ፣ እውነት ነው? አሉ በስልክ፣ አዎ አለች፣ ምን ትበል። እንግዲህ ይቀመጣሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ስማቸውን ይጽፋሉ፣ የገዛ ልጃቸው አላውቃችሁም፣ ሂዱ ትላቸዋለች፣ ያንን ቆሞ የሚያይ ምን ዓይነት አንጀት ነው።

ውስጡን ከፍቶ ማየት ነው፣ ቃሏ እዚያው ተጽፋ ትገኛለች። ግን ክፍሉ ተማምሏል። የሌላውን ሥራ እንደ አሮጌ ሰዓት ይፈታቱታል፣ የእሷን የነካ የለም፣ ጠበቃዋ የሚሏት ልጅ ናት የደነገገችው፣ ገምተን ካላገኘን አትከፍትልንም፣ ሌባ እንሆናለን እንዴ? ገመቱ። ቸኮሌት። የድመቷ ስም። እማዬ። እማዬም አልሆነም፣ የአስተማሪዋ ፍርሃት ከዚያ ነው የመጣው። እሷም ብቻዋን ሆና ቲቸር ብላ ጽፋለች፣ ሂዱ ተባለች፣ ተቀየመች፣ ሰው በሙት ይቀየማል?

ትከፍተዋለች። ሌባ ትሁን፣ ይቅር በይኝ የኔ ልጅ። መልሱ ከዚህ ጋር እኩል ከሆነ በሩን ክፈት፣ ይላል ኮዱ፣ ከዚህ የሚለው ቦታ ላይ ነጭ ሳጥን፣ ባዶ። ምንም አልጻፈችበትም። ረስታው ነው? ልትመለስበት? እሺ ቲቸር፣ ነገ እጨርሰዋለሁ። ባዶ ከሆነ እንግዲህ በሩ የሚከፈተው ምንም ላልጻፈ ሰው ነው፣ ያ ሁሉ ልጅ ሲለፈልፍ ከርሞ አንድ ዝም ያለ ጠፋ።

እማዬ ብላ ትሙላው? ሦስት ፊደል። ማን ያውቅባታል። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው፣ ግን የማን ቃል ይሆናል፣ የእኔ፣ ልጅቷ ያላለችውን በልጅቷ አፍ።

ኮቴ። ቲቸር፣ እናቷ መጡ! ትዘጋዋለች፣ ሳትሞላው። ይግቡ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ልጆቹ እንደ ንብ ከበዋቸዋል፣ ይቺን ይጫኑ እትዬ።

ማነው?

የእናትየው ትከሻ ይሸማቀቃል። ስምዎን ይጻፉ እትዬ፣ አይ የቤት ስሟን፣ እሱን ሞክረነዋል ባክህ፣ ዝም በሉ፣ ተዉአቸው! ጠበቃዋ ናት። የእናትየው ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ያንዣብባሉ፣ አይወርዱም። አስተማሪዋ ልትነግራቸው ትችላለች፣ ምንም አይጻፉ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ምን ልበላት፣ ይላሉ እናትየው ለማንም ሳይሆን፣ ምን የምላት አለኝ፣ እና ምንም ሳይጽፉ ትልቁን የኢንተር ቁልፍ ይጫኑታል፣ ምናልባት ማጥፊያው መስሏቸው።

በሩ ይከፈታል።

ግቡ፣ ይላል ጉንፋን የያዘው ድምፅ፣ በሩን ዝጉት፣ ብርድ ይገባል።

እውነትም የክፍሉ በር ገርበብ ብሎ ቀርቷል፣ አስተማሪዋ ሄዳ ትዘጋዋለች፣ ቀስ ብላ፣ እጀታውን ግን አትለቅም፣ ገና የሚመጣ ሰው ካለ