ከዢዜል ጋር የተሳፈርኩባት ሐሙስ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የመንደሩ ሴት ሁሉ ወገብ በደብተሬ ላይ ተጽፏል። ማን እንደወፈረች፣ ማን እንደከሳች፣ ማን ባሏ ባሕር ማዶ ሆኖ ደረቷ እንደሞላ ከካህኑ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ስሜ ዘልፋ ነው፤ ሰዉ ግን በልጄ ስም ኡም ሰርኪስ ይለኛል። መርፌ ከያዝኩ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ አስራ ሁለቱን ዓመት ደግሞ የእመቤታችን ማኅበር ሰብሳቢ ነበርኩ። ሰብሳቢ ማለት እኛ ዘንድ ከሁሉም ጮክ ብላ የምትጸልይ ናት። ድምፅ እንደሁ ፈጣሪ አልነፈገኝም።

በየዓመቱ በብስራት ዕለት ማኅበርተኞቹ አንድ ቃል እንገባለን። እያንዳንዳችን በእናቱ ማሕፀን ያለ፣ እንዲወርድ የታሰበ አንድ ሕፃን እንቀበልና እስከ ገና ድረስ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ በየቀኑ መቁጠሪያ ይዘን እንጸልይለታለን። የማን ልጅ እንደሆነ አናውቅም፤ ቤይሩት ይሁን ብራዚል፣ ደንቡ እንደዚያ ነው። ይህን ልማድ ወደ ደብራችን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ምክትሌ ማርሴል አንድ ጊዜ፣ «ምኑንም የማላውቀውን ልጅ እንዴት አድርጌ ልውደደው?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ «አንቺ ጸልዪ፣ መውደዱን ለእግዜር ተዪለት» አልኳት። ያን ዓመትም ሻማ አበራን፣ ቃል ገባን፣ አባ ቡትሮስ ባረኩንና ወደየቤታችን ገባን።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ዢዜል ቀሚሷን ልትለካ መጣች። ዢዜል ሴት መነኮሳት በሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል የምታስተምር የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ከመዘምራኑም እንደሷ የሚጣፍጥ ድምፅ ያለው የለም። ወንድሟ በሰኔ ሊያገባ ነው፤ እሷ ሚዜ ናት። እጮኛዋ ጃድ ምዕራብ አፍሪካ፣ አቢጃን ነው የሚሠራው፤ ለገና መጥቶ ጥምቀትን ውሎ ተመልሷል። ልኬቷን የወሰድኩትም በዚያው በጥምቀት ሰሞን ነበር። አሁን ቀሚሱን አልብሻት የጀርባውን ዚፕ ብስበው፣ ብስበው፣ አሻፈረኝ አለ።

ማርሴልና ሌሎች ሁለት ሴቶች እዚያው ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። የኔ አፍ መቼ አርፎ ያውቃል! «ኧረ አንቺ ልጅ! ሰው በጾም ይከሳል፣ አንቺ ጡትሽ ሁሉ ሞልቶ ትመጪያለሽ? ማነው ተደብቆ የሚቀልብሽ?» አልኳት። ሴቶቹ ሳቁ። ማርሴልም፣ «ጃድ ነዋ፣ ቸኮላት እየላከላት» ብላ ጨመረችበት። ዢዜል አልሳቀችም። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብዬ ሳያት ፊቷ እንደ ጨርቁ ነጭ ሆኗል። ያኔ ገባኝ። ምላሴን በቆረጠው! ሌሎቹ ግን አልነቁም፣ ተመስገን። «ሂጂ ለውጪ፤ ዚፑ ነው የተበላሸው» ብዬ አሰናበትኳት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ብቻዋን ተመልሳ መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ኡም ሰርኪስ፣ ቀሚሱን ፈቱት?»

«ገና ነው። አትጨነቂ፣ ጎኑ ላይ ጨርቅ ትቻለሁ፤ ወገቡንም ደረቱንም እለቅልሻለሁ።»

«አይንኩት» አለች። «እንዳለ ይተዉት። እስከ ሰርጉ ይሆነኛል።»

ክው አልኩ። በሰኔ ሆዷ ሊገፋ የሚገባ ሴት ያው ቀሚስ ይሆነኛል ስትል ምን ለማድረግ እንዳሰበች ለኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

«መቼ?» አልኳት።

«ሐሙስ። ቤይሩት አንድ ሐኪም አለ አሉኝ።»

«ጃድስ?»

«ነገርኩት። ከነገርኩት ጀምሮ ስልክ አያነሳም።»

ከዚያማ ስብከቴን ጀመርኩ። በማኅበሩ ፊት የምለውን ሁሉ አወረድኩባት፤ ነፍስ ነው አልኳት፣ ልቡ እየመታ ነው አልኳት፣ ሰጪው እግዜር ነው አልኳት። እሷም ለልጆቹ የምታስተምረውን ትምህርት መልሶ እንደሚያደምጥ ሰው ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘችው።

«ሕፃን መሆኑን እርስዎ ነዎት የሚነግሩኝ?» አለች። «በየቀኑ ይቅርታ የምለምነው እሱን አይደል? ግን ሚርናን ያስታውሷታል?»

ሚርናን እንዴት እረሳለሁ?

«ሳታገባ አረገዘች። አላስወረደችም፣ ኡም ሰርኪስ፤ እናንተ አድርጉ ያላችሁትን ነው ያደረገችው! ታዲያ ከመዘምራን ያስወጣት ማነው? እናቷ በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ስትል ፊቱን ያዞረው ማነው? እርስዎ ነዎት። መንደሩን ለቃ ሄደች። እርስዎ ለሕፃን የሚጸልዩት ሆድ ውስጥ እስካለ ብቻ ነው። ሲወጣ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም።»

በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

እስከ ሐሙስ ድረስ ስበሳጭ ሰነበትኩ። በጃድ ተናደድኩ፣ በዢዜል ተናደድኩ፣ ምንም ባላደረገችው በማርሴል ሳይቀር ተናደድኩ። ለእናቷ ልንገር? እናቷ ጮኻ አገር ታሰማለች። ለአባ ቡትሮስስ? እስከ ግቢያቸው በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ልጅቷን የሚያስቀራት የሌላ ሰው ቁጣ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። የሚያስፈልጋትን ነገርም አውቃለሁ። እሱን መስጠት ነው የከበደኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አደባባዩ ጋ ወርጄ ቤይሩት የሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሹፌሩ አቡ ፋሬስ፣ «ኡም ሰርኪስ! ዛሬ ደግሞ ቤይሩት ወርደሽ የማንን ወገብ ልትለኪ ነው?» አለኝ። «ያንተን አፍ ልሰፋ ነው» አልኩትና አልፌው ከኋላ ከዢዜል አጠገብ ተቀመጥኩ።

«ሊያስቀሩኝ ነው የመጡት?» አለች በመስኮቱ በኩል እያየች።

«ቀሪ ብልሽ ትቀሪያለሽ?»

«አልቀርም።»

«እንግዲያው ብቻሽን እንዳትሆኚ ነው የመጣሁት። እኔ ብቻዬን ነበር የሄድኩት።»

ያን ጊዜ ዞር ብላ አየችኝ። አቡ ፋሬስ ራዲዮኑን እንደ ልማዱ ለቆታል፤ ፊት ያሉት ሰዎች አይሰሙንም። ነገርኳት። በጦርነቱ ጊዜ ነበር። ሰርኪስ ሁለት ዓመቱ ነው፣ እኛ ከመድፍ ሸሽተን ምድር ቤት እናድራለን። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሌላ ልጅ ደግሞ የት እናስገባዋለን?» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነው። እኔም ፈርቻለሁ። በታክሲ ሄድኩ፣ ስመለስ ዳቦ ገዝቼ ገባሁ፣ በማግስቱ የአንዲት ሙሽራ ልብስ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ ማሕፀኔ አልያዘም።

«መንደሩ ‹ምስኪን፣ እግዜር አንድ ብቻ ሰጣት› ይላል» አልኳት። «ሁለት ነው የሰጠኝ።»

መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕሩ ይወርዳል።

«ንስሐ አልገቡም?»

«ገብቻለሁ እንጂ! ካህኑ ፈተውኛል፣ እግዜርም ይቅር ብሎኛል፣ በዚህ አልጠራጠርም። ያላመንኩት እናንተን ነው። ብታውቁ ምን ትሉኝ ይሆን እያልኩ ከሁላችሁም በላይ ጮኽኩ። ሚርናን ያስወጣኋትም ማንም ወደ እኔ እንዳያይ ነው። አሁን ለራሴም ሲነገር ያስጠላኛል።»

«ሴት ነበረች?»

«ምን ብዬ ልወቅ፣ የኔ ልጅ? በልቤ ግን ሴት ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። በየብስራቱ የማላውቀውን ልጅ ተቀበልኩ እላለሁ እንጂ የምጸልየው ለእሷ ነው።»

ባሕሩ ዳር ካለችው ከባትሩን ከተማ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ። ዢዜል እጇን ሆዷ ላይ እንዳደረገች ራሷም አላወቀችም።

«እኔ ልጁን አልፈራም» አለች። «የምፈራው እሑድን ነው። ያን ሁሉ ዓይን።»

«እሑድን ለኔ ተዪው።»

«አፍ ብቻ ነው።»

«ታያለሽ። ቤይሩት እንሂድ ካልሽም እስከ ሐኪሙ በር አብሬሽ ነኝ፤ በሩ ላይ ግን እለምንሻለሁ፤ ተንበርክኬ ነው የምለምንሽ፣ ከአሁኑ እወቂው።»

«በዚያ ጉልበትዎ?» አለች፤ ሳቅ አመለጣት፣ ሳቁ ደግሞ ወዲያው ልቅሶ ሆነ። ከዚያ ተነሳች። «አቡ ፋሬስ፣ ቆይ! ወራጅ አለ!»

ወረድን። ሎሚ ጭማቂ ገዛሁላት፤ ጠጥታ አስመለሳት። በሚቀጥለው መኪና ወደ ላይ ተመለስን።

ቅዳሜ ዕለት ለእናቷ ነገረቻት፤ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ በአዳራሹ ተቀመጠ፣ ሠላሳ አንድ ሴት። ቆምኩና ለዢዜል የነገርኳትን አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ያ የምኮራበት ድምፅ እንኳ ከዳኝ። «ዢዜል ፀንሳለች፤ እንድነግራችሁ ፈቅዳለች» አልኩ በመጨረሻ። «ልጁም ይወለዳል። ከመዘምራን አውጧት የምትል ካለች መጀመሪያ እኔን ታስወጣ።» ከዚያ ሦስት ሴቶች ተነስተው ወጡ፤ አንዷ በአጠገቤ ስታልፍ «ነፍሰ ገዳይ» አለችኝ። እውነት ስለሆነ ቆሜ ተቀበልኩት። ማርሴል ግን መጥታ እጄን ይዛ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ውሃም ሰጠችኝ።

ቀላል ነበር አልልም። ሰርኪስ ከቤይሩት ደውሎ፣ «እህት ነበረችኝ?» አለና አንድ ወር ሙሉ ድምፁን አጠፋ። ሰብሳቢነቱን ለማርሴል ለቀቅኩ፤ ስትጸልይ ድምፅዋ የወፍጮ ያህል ነው፣ ግን ታግሰናታል። ሚርናን ይቅርታ ልጠይቅ አሁን የምትኖርበት ዛህሌ ከተማ ድረስ ሄድኩ፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ሰማችኝ፣ «እሺ» አለች፣ ዘጋችው። ከዚያ በላይ ልጠብቅ አይገባኝም። የትምህርት ቤቱ አለቃ የሆኑት እማሆይ፣ ዢዜልን አላባረሯትም፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስገቧት እንጂ። በሰኔ በወንድሟ ሰርግ ላይ ሆዷ እየታየ ዘመረች። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። የጃድን ወሬ ተዉኝ፣ አሁንም ያናድደኛል።

በጥቅምት ባትሩን ሆስፒታል ወለደች። ወንድ ነው፣ ፀጉሩ ጥቁር፣ ቁጣው ከኔ የባሰ። የዢዜል እናት የልጇን ግንባር ላብ ስትጠርግ ነርሷ ሕፃኑን ይዛ ዞር ዞር አለችና ባዶ እጅ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ለኔ ሰጠችኝ። ከበደኝ። ሦስት ኪሎ ከምናምን ነው፣ ግን ከበደኝ። እንባዬ መጣ፤ መጣ፣ አልቆም አለ፤ በልጁ ጉንጭ ላይ ይወርዳል።

«ኡም ሰርኪስ፣ ልጁን አረጠቡት እኮ» አለች ዢዜል ከአልጋው ላይ።

«ተዪኝ» አልኳት። «ለእሷ አልቅሼ አላውቅም።»