የእሜቴ ጉልበት

ነርሷ፣ ባሏ የባዝራዋን አንገት በሁለት እጁ አቅፎ ግንባሩን ግንባሯ ላይ ሲያሳርፍ አይታ ፊቷን አዞረች። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ሰው ፊት እጇን እንኳ ይዞ አያውቅም።

"አወቀችኝ! አየሽ? እሜቴ አወቀችኝ!" አለ፣ ያጎረሳትን ካሮት ስትቆረጥም እያየ።

"ካሮቱን ነው ያወቀችው።"

እሜቴ የባዝራዋ ስም ነው። ባልየው የውድድር ፈረስ ጋላቢ በነበረበት ጊዜ አራት ዓመት ጋልቧታል፣ አሥራ አንድ ጊዜም አሸንፎባታል። ሳሎናቸው ውስጥ የሁለቱ ፎቶ ከሰርጉ ፎቶ በእጥፍ ይበልጣል። የሚስቱን ልደት ስልኩ ካልነገረው የማያስታውስ ሰው፣ ባዝራዋ የተወለደችበትን ሰዓት ሳይቀር ያውቃል። ሚስቱ "አንቺ" ናት፤ ባዝራዋ ግን "እሜቴ"! ከውድድር ወጥታ ልትሸጥ መሆኑን የሰማ ዕለት ምግቡን ትቶ ነው ከገበታ የተነሣው። ነርሷም "እኔም እመጣለሁ" ያለችው ልታግዘው አልነበረም። ግዢውን ልታፈርስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የአጥንትና የመገጣጠሚያ ክፍል ውስጥ የሠራች ሴት፣ በምን እንደምታፈርሰው አይጠፋትም።

የሚሸጣት የፈረስ ነጋዴ ባዝራዋን ከጋጣ አውጥቶ አሸዋው ላይ በሶምሶማ አስሮጣት። አንዲት እርምጃ አልሳተችም።

"እህቴ፣ እንዲህ ያለች ከየት ይገኛል? ለሽርሽር ቢሉ፣ ለልጆች ቢሉ፣ ምንም እንከን የላትም" አለ፣ ላቡን እየጠረገ።

"ጉልበቷን የተወጋችው መቼ ነው?"

"የምን መወጋት?"

"ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! የቀኝ የፊት እግሯ ጉልበት ላይ ፀጉሯ ተላጭቶ ገና እየበቀለ ነው። እኔ ደግሞ የሰው ጉልበት ለመርፌ ሳዘጋጅ ነው ፀጉሬ የሸበተው።"

ነጋዴው ወደ ባልየው ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ባልየው አላየውም፤ የባዝራዋን ጋማ በጣቱ እያበጠረ ነበር።

"እሱማ... የሮጠ ፈረስ ሁሉ ይወጋል እህቴ። ነውር የለውም።"

"መወጋቱ ነውር የለውም። ነውሩ መደበቁ ነው። ስንት ጊዜ ተወጋች? የትኛው የትኛው መገጣጠሚያዋ? አንዱ መርፌ ስንት ወር ያዘላት? ራጅስ ተነሥታለች? ካርዷን ያምጡታ!"

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ፣ ለባሏ ያላለችውን ሁሉ በነጋዴው ላይ አወረደችው። ሰውዬው እያጉረመረመ ሄዶ ከመኪናው ውስጥ የሕክምና ካርዱን አመጣ። ነርሷ ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች ጮክ ብላ አነበበች። የመጀመሪያው መርፌ ዘጠኝ ወር ይዟታል። ሁለተኛው አምስት፣ ሦስተኛው ሦስት ወር። አራተኛውን የተወጋችው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ነው።

"ሰማህ?" አለች ለባሏ። "አሁን ያየኸው ሩጫ የእሷ አይደለም፣ የመርፌው ነው። ሲለቃት ታነክሳለች። ደግሞ ጊዜው እያጠረ መጥቷል፤ ጉልበቷ ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚያደርገው ነገር እያለቀ ነው ማለት ነው። የነጋዴው ወዳጅ ያልሆነ ሐኪም ራጅ አንሥቶ ሳያያት፣ ጤነኛ ሰው አይገዛትም።"

ይህን ስትል ደስ አላት። ጣውንቷን ፍርድ ቤት አቁማ ያስፈረደችባት ያህል ደስ አላት፤ የተናገረችው አንድም ውሸት ስላልነበረበት ደስታው ይበልጥ ጣፈጣት።

ባልየው ግን አልደነገጠም። ጎንበስ ብሎ የባዝራዋን ጉልበት በመዳፉ ያዘ።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን?"

"የመጀመሪያውን መርፌ። የመጨረሻ ውድድሬ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው ነው የወጓት። ስታነክስ በዐይኔ አይቻለሁ። አትሮጥም ማለት ነበረብኝ። አሸንፌ ልውጣ ብዬ ዝም አልኩ። ሕመሙ ስላልተሰማት ያላትን ሁሉ አውጥታ ሮጠችልኝ።" ቀና አላለም። "ሳሎን ያለው ፎቶ የዚያን ቀን ነው።"

ነርሷ ካርዱን እንደያዘች ቆመች። ቅናቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ባሰባት። ዓመት ከመንፈቅ አንድ አልጋ ላይ አብሯት እየተኛ ይህንን በሆዱ ይዞ ኖሯል! እሷ ቀዶ ጥገና በተደረገላት ጊዜ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነብ የነበረ ሰው፣ አሁን ለባዝራ ጉልበት ዐይኑ እንባ አቅርሯል። "ለእኔስ?" ልትለው ፈለገች። በዚህ ዕድሜዋ ከፈረስ ጋር መፎካከሯ አሳፈራትና ዋጠችው።

"እኛ ካልወሰድናትስ?" አለችው ነጋዴውን።

"ነገ ከሰዓት በኋላ የመጋለቢያ ትምህርት ቤት ሰዎች ይመጣሉ። እነሱ እንደ እርስዎ ሰው አያደርቁም።"

የመጋለቢያ ትምህርት ቤት ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ልጅ ሲወጣባትና ሲወርድባት መዋል ነው። መርፌው ሲለቃት ሌላ መርፌ፣ ከዚያም ሌላ።

"አንተ ብትወስዳት ምን ልታደርጋት ነው?" አለችው ባሏን።

"ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣ ሁለታችን ብቻ ሜዳው ላይ..." አለ፤ ፊቱ ገና ሲያስበው ፈካ።

"አትጋልባትም።"

"በእርምጃ እኮ ነው! ቀስ ብዬ..."

"በእርምጃም ቢሆን።"

"ሐኪሙ ይፈቅድ ይሆናል።"

"ሐኪሙ ቢፈቅድም እኔ አልፈቅድም።"

ባልየው ቀና ብሎ አያት። ከገቡ ጀምሮ ትክ ብሎ ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

"ለጉልበቷ ብለሽ ነው?"

ነርሷ ካርዱን አጠፈች። ልትዋሸው ትችል ነበር፤ ያምናት ነበር።

"ግማሹ ለጉልበቷ ነው" አለች።

ስለ ሌላው ግማሽ አልጠየቃትም። ባዝራዋን ለቀቀና መጥቶ ከጎኗ ቆመ።

"ነገ ጠዋት የራሳችንን ሐኪም ይዘን እንመጣለን" አለው ነጋዴውን። "ዋጋውን ስትነግረን ግን አስበህበት ንገረን። የምንወስዳት ልትግጥ እንጂ ልትጋለብ አይደለም።"