ሁለት ሴንቲሜትር የጎደለው ሜትር

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ሰፈሩም ደንበኞቼም ያውቃሉ። ልብስ ሰፍታ የማትቆጣ ሴት ካለች መርፌ ተሰብሮባት አያውቅም ማለት ነው።

ታናሽ እህቴን አዋላጅ ያደረጋት ይኸው ቁጣዬና የስፌት መኪናዬ ነው። እናታችን ስታርፍ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የኮሌጁን ክፍያ የተማሪ ዩኒፎርም በጅምላ እየሰፋሁ ቻልኩት። ተመርቃ ውጭ አገር ሥራ ስታገኝ ደግሞ፣ ለፈተናውና ለጉዞው ብዬ ሁለተኛዋን መኪናዬን ሸጥኩ። "ለባዕድ አገር እናቶች ነው እንዴ የምትለፊው?" ያሉኝ ነበሩ።

"ምጥ ቪዛ አይጠይቅም!" አልኳቸው።

ኮሌጅ የገባች ቀን ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ሰጠኋት። አዋላጆች የነፍሰ ጡር ሆድ በሜትር እንደሚለኩ የሰማሁት ያኔ ነው። ሴንቲሜትሩ ከእርግዝናው ሳምንት ጋር ይቀራረባል አሉ፤ በጣም ካነሰ ልጁ በደንብ አላደገ ይሆናል። የእኔ ሜትር ታዲያ መነሻው ላይ ሁለት ሴንቲሜትር ተቀዶ ጠፍቷል። ለእኛ ምን ችግር አለው? ከተነበበው ላይ ሁለት መቀነስ ነው። እሷም ሱቄ ውስጥ ስላደገች እጇ ለምዶታል። ትምህርቷን እስክትጨርስ በእሱ ለካች፤ አንድም ቀን አልተሳሳተች።

እዚያ ማዶ የሦስት ወር ሙከራ አለባት። አለቃዋ ካልፈረመችላት ሻንጣዋን ይዛ መመለስ ነው፤ የእኔንም የስንት ዓመት ልፋት ውኃ በላው ማለት ነው።

በሁለተኛው ወር፣ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ደወለች።

"እትዬ፣ አጥፍቻለሁ" አለችኝ። "እዚህ የምንለካው በአዲስ ሜትር ነው፤ ምንም አልጎደለውም። ዛሬ ጠዋት ግን ሰው ሲበዛብኝ ሳላስበው ሁለት ሁለት እየቀነስኩ ጻፍኩ።"

"የስንት ሰው?"

"የሦስት። አንዷን ልጅሽ አላደገ ይሆናል ብዬ ለሌላ ምርመራ ነገ ቀጠርኳት። እያለቀሰች ሄደች።"

"ነገ ሲመረምሯት ደህና ነው ይሏት የለ? ዝም በይ! ማን ያውቅብሻል?"

"እኔ አውቃለሁ። ሴትዮዋስ እስከ ነገ እንዴት ትሁን? ገብቼ ለአለቃዬ ልነግራት ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ስትይኝ አይደል ያደግኩት?"

"ታዲያ ይደር!" ብዬ ጮህኩ። "መጀመሪያ ይፈረምልሽ፣ ከዚያ እንደፈለገ ይጥራ!"

"አንቺ እንዲህ ትያለሽ ብዬ አላሰብኩም" አለችና ዘጋችው።

መቀሱን ወረወርኩት። ከዚያ ደግሞ አነሳሁት፤ ሥራ አለብኛ።

ከሰዓት አንዲት አስተማሪ ያሰፋችውን ኮት ልትወስድ መጣች። ብትለብሰው ቁልፉ አልደርስ አለ። ደብተሬን ገለጥ ባደርግ ለካስ የሌላ ደንበኛ ልክ ነው የቆረጥኩት! አስተማሪዋ በመስታወቱ ሆዷን እያየች፣ "ወይ ጉድ! ወፍሬ ነው አይደል?" አለች።

ለልብስ ሰፊ ይኼ ከሰማይ የወረደ መና ነው። በዚህ ሃያ ዓመት ውስጥ ስንቷን "ትንሽ ሞላ ብለሻል" ብዬ ሸኝቻለሁ! አሁንም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ራት እንደምትተው ስትነግረኝ ግን፣ ያቺ እያለቀሰች የሄደችው ነፍሰ ጡር ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

"ኧረ አልወፈርሽም" አልኳት። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ልክ ነው የቆረጥኩት። ፈትቼ ጨርቅ እጨምርበትና ያለ ክፍያ አስተካክልልሻለሁ።"

ተቆጣች፤ እውነቷን ነው። ቢሆንም ሆዷን ለቀቅ አደረገችው።

እህቴ በማግስቱ ጠዋት ደወለች።

"ትናንት ወዲያው ሦስቱንም ጠርተን እንደገና ለካናቸው። የሴትዮዋ ልጅ ደህና ነው፤ አቅፋ ሳመችኝ።"

"አለቃሽስ?"

"በደንብ ተቆጣችኝ። ሙከራዬንም በአንድ ወር አራዘመችው፤ የምለካውን ሁሉ አጠገቤ ቆማ ታያለች። ስወጣ ግን ምን አለችኝ መሰለሽ? 'የሚሳሳት ሞልቷል፤ መጥቶ የሚናገር ነው ያጣሁት። አንቺንስ አልለቅሽም።'"

ያሳደግኳት ልጅ በለጠችኝ። ኮራሁባት፤ በራሴ አፈርኩ፤ እንባዬ ኮቱ ላይ ጠብ አለ። መቀሴን አንስቼ ክሩን መበጠስ ቀጠልኩ።

"እትዬ፣ አሁንም ተቆጥተሻል እንዴ? ምን እየሠራሽ ነው?"

"ያበላሸሁትን ኮት እየፈታሁ ነው" አልኳት።